ጆሮ ቢለምደውም ልብ አይለምደውም

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቤተሰብ ጤና ክፍል የቀረበ)

   

የዛሬውን ርእስ የመረጡልን አንዲት እናታችን ናቸው። ከአዲስ አበባው አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል። ጥያቄያቸው እንዲህ የሚል ነው፦ «ባለቤቴ የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። ከእኛ ጋር የሚኖረው የልጅ ልጄ ደግሞ ንባብ አልገባ ብሎታል። ጎረቤቴ ‹የአውሮፕላኑ ጩኸት ነው› ትለኛለች። እኔ ግን ‹እኛኮ ለምደነዋል› እላታለሁ። እንግዳ ቤታችን አድሮ ሌሊት ደንግጦ ሲነሣ ነው ድምፁ መኖሩ ትዝ የሚለን። ሰው የለመደው ነገር ይጎዳዋል እንዴ?»

ጥያቄው የእኒህ እናታችን ብቻ አይደለም። ከተሞቻችን እየሰፉ አውሮፕላን ማረፊያዎችን ከበዋቸዋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ቢሆኑ ከዚህ አልራቁም። በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩት የፖቶማክን ወንዝ ተከትለው ወደ ዋሽንግተን ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርዱ ጄቶች በሚሰሙበት አካባቢ ነው። ስለዚህ «የለመዱት ነገር ይጎዳል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ይዘን፣ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የደረሱበትን በቅደም ተከተል እንመልከት።

ድምፅ ጩኸት የሚሆነው መቼ ነው?

የድምፅ መጠን የሚለካው ዴሲቤል በሚባል መለኪያ ነው። ሹክሹክታ ወደ 30 ዴሲቤል፣ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚያደርጉት ጨዋታ ወደ 60 ዴሲቤል ይጠጋል። ከማረፊያው አቅራቢያ አናት ላይ ዝቅ ብሎ የሚያልፍ ጄት ደግሞ ከ80 ዴሲቤል በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህ መለኪያ እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር የሚደመር አይደለም። 10 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ጉልበት ዐሥር እጥፍ ይሆናል፤ ለጆሯችን ደግሞ እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ይሰማናል። በመሆኑም በ50 እና በ60 ዴሲቤል መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም በቤት ውስጥ ግን ትልቅ ነው።

ብዙ ሰው ስለ ጩኸት ሲነሣ ቶሎ የሚያስበው መስማት አለመቻልን ነው። ይህ ስጋት በዋነኝነት የሚመለከተው በማረፊያው ሜዳ ላይ ከሞተሩ አጠገብ የሚሠሩትን ነው። ለእነርሱ የጆሮ መከላከያ ግዴታ ሊሆን ይገባል። በሰፈር ውስጥ የሚኖር ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጆሮው አይደነቁርም። «እኛ ደህና ነን፣ ምንም አልሆንም» የምንለውም ለዚህ ነው። ጉዳቱ ያለው ከጆሮ አልፎ ውስጥ በመሆኑ አይታየንም።

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ የአውሮፕላን ድምፅ በሃያ አራት ሰዓት አማካይ ከ45 ዴሲቤል፣ በሌሊት አማካይ ደግሞ ከ40 ዴሲቤል በታች እንዲሆን አጥብቆ መክሯል። የሃያ አራቱ ሰዓት አማካይ ሲሰላ የሌሊቱ ድምፅ 10 ዴሲቤል ተጨምሮበት ይታሰባል። ምክንያቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ቀን ከሚጎዳው ይልቅ ሌሊት የሚጎዳው ስለሚበልጥ ነው። ይህ ወደ ዋናው ነጥባችን ይወስደናል።

ጆሮ አይተኛም

እንቅልፍ አላህ (ሱ.ወ.) ለባሮቹ ከሰጣቸው ታላላቅ ጸጋዎች አንዱ ነው። ስንተኛ ዓይናችን ይከደናል፣ እጅ እግራችን ያርፋል። ጆሯችን ግን መዝጊያ የለውም። ሌሊቱን ሙሉ እየሰማ ለአንጎል መልእክት ያቀብላል። ይህ በራሱ ጥበቃ ነው፤ እናት በሕፃኗ ልቅሶ፣ አባወራ በበር መንኳኳት የሚነቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ችግሩ፣ አንጎል በመጀመሪያዋ ቅጽበት አውሮፕላንና አደጋን አለመለየቱ ነው። ድንገተኛ ከፍ ያለ ድምፅ ሲመጣ ሰውነት ለሽሽት ወይም ለትግል ይዘጋጃል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ይለቀቃሉ። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ የደም ግፊት ከፍ ይላል። ሰውየው ላይነቃ ይችላል፤ ጠዋትም «ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ» ሊል ይችላል። ሰውነቱ ግን ሌሊቱን በተደጋጋሚ ሲደነግጥ አድሯል።

ጤነኛ ሰው ሲተኛ የደም ግፊቱ ከቀኑ ዝቅ ይላል። ልብና የደም ሥሮች የሚያርፉት በዚያን ሰዓት ነው። ይህ ዕረፍት በየሌሊቱ፣ ለዓመታት ከተቋረጠ፣ ልብ ቀን ሠርቶ ማታም እንደሚሠራ ሠራተኛ ይሆናል።

ስለ ደም ግፊትና ስለ ልብ ምን ተገኘ?

ይህ ግምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በአውሮፓ በስድስት ትላልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች ዙሪያ ማለትም በለንደን ሂትሮው፣ በአምስተርዳም፣ በበርሊን፣ በስቶክሆልም፣ በሚላንና በአቴንስ ጥናት ተካሂዷል። ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 70 የሆኑና ቢያንስ አምስት ዓመት በአካባቢው የኖሩ 4,861 ሰዎች የደም ግፊታቸው ተለካ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ የሌሊቱ የአውሮፕላን ድምፅ በ10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የደም ግፊት በሽታ የመኖሩ ዕድል በ14 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ከእነዚሁ መካከል 140 ያህሉ በቤታቸው ተኝተው ሳለ ሌሊቱን ሙሉ የደም ግፊታቸው እየተለካ፣ በመኝታ ክፍላቸው ያለው ድምፅም እየተቀዳ አደረ። አውሮፕላን ባለፈባቸው ደቂቃዎች ላይኛው የግፊት ቁጥር በአማካይ 6 ገደማ፣ ታችኛው 7 ገደማ ከፍ አለ። ይህ የሆነው ሰዎቹ ሳይነቁ ነው። እናታችን «እኛ ለምደነዋል» ያሉትን ቃል እዚህ ላይ እናስታውሰው።

በጀርመን የማይንዝ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። 75 ጤነኛ ሰዎች በየቤታቸው ሲተኙ የተቀዳ የሌሊት የአውሮፕላን ድምፅ እንዲከፈትላቸው ተደረገ፤ በአንዱ ሌሊት 30 ጊዜ፣ በሌላው ሌሊት 60 ጊዜ፣ አንድ ሌሊት ደግሞ ያለ ድምፅ። ጠዋት ሲመረመሩ አድሬናሊናቸው ጨምሮ፣ የደም ሥሮቻቸውም እንደ ልብ የመስፋት ችሎታቸው ቀንሶ ተገኘ። ከሁሉ የሚገርመው፣ አስቀድመው በ30 በረራ የተረበሹት ሰዎች በኋላ 60 ሲሰሙ የደም ሥሮቻቸው የበለጠ ተጎዱ እንጂ አልለመዱም።

በሂትሮው ዙሪያ የሚኖሩ 3.6 ሚሊዮን ሰዎች የሆስፒታል መዛግብት ተመርምሮም ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቷል። ድምፁ እጅግ በሚበረታባቸው ሰፈሮች በስትሮክና በልብ የደም ሥር ሕመም ሆስፒታል የመግባት አደጋ፣ ጸጥ ካሉት ሰፈሮች በ20 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ነበር። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በ89 አውሮፕላን ማረፊያዎች አቅራቢያ በሚኖሩ ስድስት ሚሊዮን አረጋውያን ላይ የታተመ ጥናትም፣ ድምፁ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር በልብና በደም ሥር ሕመም ሆስፒታል መግባት በ3.5 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። እነዚህ ጥናቶች የብዙ ሰውን ሁኔታ የሚያወዳድሩ ናቸው። አንድን ሰው ነጥሎ «የአንተን ግፊት ያመጣው አውሮፕላኑ ነው» ለማለት አያስችሉም። ለደም ግፊት ጨው መብዛት፣ ውፍረት፣ ሲጋራ፣ ዕድሜና ከቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት የበለጠ ድርሻ አላቸው። ከማረፊያ አጠገብ የመኪና ጭስም አለ። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ምክንያቶች በተቻለ መጠን ለይተው ቢያሰሉም ሁሉንም ማስወገድ አይቻልም። ይሁን እንጂ በተለያዩ አገሮች የተደረጉት ጥናቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከታቸው፣ የእንቅልፉና የደም ሥሩ ምርመራም ይህንኑ መደገፉ፣ ነገሩን ችላ እንዳንለው ያስገድደናል። ለአንድ ሰው ትንሽ የሆነች ጭማሪ፣ በመቶ ሺሕ ለሚቆጠር ነዋሪ ስትባዛ ብዙ ቤት ታንኳኳለች።

ልጆችና ትምህርታቸው

የእናታችን ሁለተኛ ጥያቄ ስለ ልጅ ልጃቸው ነበር። በዚህ ላይ የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ የሰጠችው ትምህርት ተወዳዳሪ የለውም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1992 የከተማዋ አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ ተዘግቶ ሥራው በሙሉ ወደ አዲስ ቦታ ተዛወረ። ተመራማሪዎች ይህንን አስቀድመው በማወቃቸው በሁለቱም ቦታ የሚማሩ ልጆችን ከዝውውሩ በፊትና በኋላ ፈተኑ። በአዲሱ ማረፊያ አጠገብ ያሉት ልጆች ድምፁ ከመጣ በኋላ የማስታወስና የማንበብ ችሎታቸው ቀነሰ። በአሮጌው አጠገብ ያሉት ደግሞ ድምፁ ሲቆም ተሻሻሉ። ይህ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ጉዳቱ እውነት ነው። ሁለተኛ፣ ጩኸቱ ሲቀንስ የልጅ አእምሮ መልሶ ሊያገግም ይችላል፤ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ በኋላ በለንደን ሂትሮው፣ በአምስተርዳምና በማድሪድ ማረፊያዎች ዙሪያ በሚገኙ 89 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 2,844 የዘጠኝና የዐሥር ዓመት ልጆች ተፈትነው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ። የአውሮፕላን ድምፅ በጨመረ መጠን አንብቦ የመረዳት ችሎታ እየቀነሰ ሄዷል። በእንግሊዝ ልጆች ላይ የ5 ዴሲቤል ልዩነት በንባብ የሁለት ወር ያህል ወደ ኋላ ከመቅረት ጋር ተያይዟል።

ምክንያቱን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መምህሩ ንግግሩን ያቋርጣል፤ ወይም ይቀጥልና ልጆቹ ግማሹን አይሰሙም። ልጅ አዲስ ቃል የሚማረው አጥርቶ በመስማት ነው። ትልቅ ሰው ያልሰማትን ፊደል ከሐሳቡ ገምቶ ይሞላታል፤ ልጅ ግን ገና አያውቃትም። ቁርኣን የሚያስቀሩ ኡስታዞቻችን ይህንን ከማንም በላይ ያውቁታል። አንድ ሐርፍ ከሌላው የሚለየው በጥቂቱ ነው፤ ልጁ ያንን ልዩነት ካልሰማ ተሳስቶ ይሐፍዛል። ከዚህም ሌላ፣ ሁልጊዜ በጩኸት ውስጥ የሚያድግ ልጅ ድምፅን ችላ ማለትን ይለማመዳል። ችግሩ፣ ከጩኸቱ ጋር የመምህሩንም ድምፅ ችላ ማለቱ ነው።

ቦሌና እኛ

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ሲጀምር ከከተማው ዳር ነበር። ዛሬ በሁሉም አቅጣጫ ቤት ከቦታል። ገርጂ፣ ቦሌ ሚካኤል፣ ቦሌ ቡልቡላና ሌሎችም ሰፈሮች ጎረቤቶቹ ሆነዋል። በተጨማሪም ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። እንዲህ ባለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ከባድ አውሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ከተነሣም በኋላ ቀስ እያለ ነው ሽቅብ የሚወጣው። በመንገዱ ሥር ያሉ ቤቶች ድምፁን ረዘም ላለ ጊዜ ይሰሙታል ማለት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ መልካም ዜና አለ። አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ከአሮጌዎቹ በእጅጉ ጸጥ ያሉ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የመጀመሪያውን ቦይንግ 787፣ በ2016 ደግሞ ኤርባስ ኤ350 ተረክቧል። ነገር ግን የእያንዳንዱ ድምፅ ቢቀንስም የበረራው ቁጥር ጨምሯል። አየር መንገዱ ብዙ አህጉር የሚያገናኝ በመሆኑ ወደ እኩለ ሌሊት የሚነሡና ንጋት ላይ የሚያርፉ በረራዎች ብዙ ናቸው። ለጤና እጅግ ወሳኝ የሆኑት ደግሞ እነዚሁ ሰዓቶች ናቸው።

አየር መንገዱ የአገር ኩራትና የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ሐጃጆቻችንንም የሚያደርሰውና የሚመልሰው እርሱ ነው። በረራ ይቅር የሚል ሰው የለም። ሌሎች አገሮች ሥራቸውን ሳይዘጉ ነዋሪውን የሚያሳርፉበት መንገድ አበጅተዋል። የፍራንክፈርት ማረፊያ ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2011 ጀምሮ በአካባቢው አቆጣጠር ከ23 ሰዓት እስከ ንጋት 5 ሰዓት፣ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 11፣ መደበኛ በረራ አያስተናግድም። በሂትሮው የሌሊት በረራ በቁጥር የተገደበ ነው። ቀን ላይም ሁለቱን መንደርደሪያዎች እያፈራረቁ ስለሚጠቀሙ በማረፊያ መስመር ሥር ያለ ሰፈር የቀኑን ግማሽ ያርፋል።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ድምፅን ከብክለት ቆጥሮ ደረጃ እንዲወጣለት አዟል። ለመኖሪያ ሰፈር በመመሪያ የተቀመጠው መጠን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ይህንን የማያውቅ ነዋሪ መብቱን አይጠይቅም። ቢሾፍቱ አቅራቢያ ለሚሠራው አዲስ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያም እ.ኤ.አ. በ2024 የዲዛይን ውል ተፈርሟል። በመነሻና በማረፊያ መስመሩ ሥር ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና መኖሪያ ቤት እንዳይሠራ ማድረግ የሚቀልለው አካባቢው በቤት ሳይሞላ ነው። በዚያ አካባቢ ቦታ ለመግዛት ያሰበ ሰውም ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የመስመሩን አቅጣጫ ይጠይቅ።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሁሉ የደም ግፊቱን ይለካ። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው «ግፊቴ የመጣው ከጩኸቱ ነው» ብሎ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። መንስኤው ምንም ይሁን ምን ከፍ ያለ ግፊት ስትሮክ ያመጣል።

ሁለተኛ፣ የመኝታ ቦታችንን እንምረጥ። ከቤቱ ክፍሎች ከመንደርደሪያው አቅጣጫ የራቀውን ለመኝታ እናድርገው። ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ለሕፃናት ቅድሚያ እንስጥ።

ሦስተኛ፣ ድምፅ እንደ ውኃ ነው፤ ቀዳዳ ፈልጎ ይገባል። በበርና በመስኮት ዙሪያ ያለውን ክፍተት በጎማ ወይም በስፖንጅ መድፈን ብዙ ወጪ የለውም። አቅም ያለው ድርብ መስታወት ያስገባ። ባዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ቀጭን በመሆኑ ድምፅን አያስቀርም፤ ከሥሩ ወፍራም ኮርኒስ ሲደረግለት ግን ለውጥ ያመጣል። መጋረጃ በክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ይቀንሳል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን እምብዛም አይከለክልም።

አራተኛ፣ ለትልልቅ ሰዎች ከፋርማሲ የሚገኝ ለስላሳ የጆሮ መድፈኛ ይጠቅማል። ሕፃን የምታጠባ እናት ወይም ሕመምተኛ የሚያስታምም ሰው ግን መስማት ስላለበት ይጠንቀቅ።

አምስተኛ፣ ልጆች የሚያጠኑበትንና የሚሐፍዙበትን ሰዓት በረራ ከሚበዛበት ሰዓት እናርቀው። መምህራንም አውሮፕላን ሲያልፍ የተናገሩትን ይድገሙት። ንባብ ያስቸገረውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ጆሮውና ዓይኑ ይመርመር፤ እንቅልፉም በቂ መሆኑን እንይ።

ስድስተኛ፣ የራሳችንን ጩኸት እንቀንስ። ቀን በአውሮፕላን የደከመ ጆሮ ማታ ደግሞ በቴሌቪዥን መደብደብ የለበትም። በረመዳን ለሱሁር ስንነሣ እንቅልፋችን አስቀድሞ የተቆራረጠ ነው። ስለዚህ ከተራዊሕ በኋላ ያለችውን ሰዓት ለወሬ ሳይሆን ለዕረፍት እናውላት። የጎረቤትን ዕረፍት መጠበቅም ከጎረቤት ሐቅ ነው።

ሰባተኛ፣ ለብቻ ከማጉረምረም ተሰባስቦ በአግባቡ መጠየቅ ይሻላል። የሰፈር ሰዎች፣ የወላጅና መምህር ኅብረትና የመስጊድ ኮሚቴ በአንድነት ድምፁ እንዲለካላቸው ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ ቢያመለክቱ፣ የተለካ ነገር መልስ ያገኛል።

ለእናታችን

እንግዲህ ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። የባለቤትዎ ግፊት ከአውሮፕላኑ ይሁን ከሌላ ልንነግርዎ አንችልም፤ ሐኪማቸውም በእርግጠኝነት ሊነግርዎ አይችልም። ነገር ግን ለሐኪሙ የት እንደምትኖሩና ሌሊቱ እንዴት እንደሚያልፍ ይንገሩት። ቢቻል ባለቤትዎና የልጅ ልጅዎ የሚተኙበትን ክፍል ይለውጡ። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውሰዱ፣ ጨው ይቀንሱ። ልጁንም በጸጥታው ሰዓት አጠገብዎ አስቀምጠው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልዎ ያድርጉ። የሙኒክ ልጆች እንደተሻሻሉ እርሱም ኢንሻአላህ ይሻሻላል።

«የለመዱት ነገር ይጎዳል እንዴ?» ላሉን መልሳችን «አዎን፣ ይጎዳል» የሚል ነው። የለመደው ጆሮዎ ነው። እንግዳዎ ሌሊት ደንግጦ ሲነሣ የእርስዎም ልብ ከእርሱ ልብ ጋር ደንግጦ ነበር፤ ልዩነቱ እርስዎ አለመንቃትዎ ብቻ ነው። እንግዳው ያወቀውን ባለቤቱ ሳያውቀው እንዳይቀር ነው ይህንን ሁሉ ያነሣነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሺፋውን፣ ለደከሙት ዕረፍቱን፣ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን ይለግስልን።